ጓደኛ ከመንገድ በፊት፣ ሰዎቹ ከመኪናው በፊት

የባሕረ ሰላጤው ሙቀት በረድ በሚልባቸው ወራት፣ በጁምዓ ማለዳ ከፈጅር ሶላት በኋላ በየከተማው ዳርቻ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። ይዘዋቸው የሚመጡት መኪኖች ከአንዳንዶቹ ባለቤቶች በዕድሜ ይበልጣሉ። ኮፈን ተከፍቶ ሻይ ይቀዳል፤ አንዱ ሞተሩ ሲሞቅ ለምን እንደሚጠፋ ይጠይቃል፤ ሌላው ከዚህ በፊት የደረሰበትን ያካፍላል። ፀሐይ ሳትከር ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል።

ዐረቦች «ጎረቤት ከቤት በፊት፣ ጓደኛ ከመንገድ በፊት» ይላሉ። ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የጎረቤቱን ጠባይ ይጠይቅ፣ መንገደኛም ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት አብሮት የሚሄደውን ይምረጥ ማለታቸው ነው። ይህ ምክር አሮጌ የስፖርት መኪና ለመግዛት ላሰበ ሰው ሁሉ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ከመኪናው በፊት ከባለቤቶቹ ጋር ይተዋወቅ። ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ መኪናና በአንድ ወዳጄ ገጠመኝ ላስረዳ።

«ክላሲክ» የሚለው ቃል በገበያ ላይ እንደ ልብ ይነገራል። ፊቫ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ግን ግልጽ መስፈርት አለው። ተሽከርካሪው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ታሪካዊ ይዘቱን ጠብቆ የተያዘና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መሆን አለበት። ያረጀ መኪና ሁሉ ክላሲክ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው በሻርጃ፣ ከአየር ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን የክላሲክ መኪኖች ሙዚየም ቢጎበኝ ይጠቀማል። በዚያው ኤምሬት የአሮጌ መኪኖች ክለብም አለ።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ዳትሰን 240ዜድን ነው። የጃፓኑ ኒሳን ኩባንያ ይህን መኪና ለገበያ ያስተዋወቀው በ1969 ነበር። ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ 2.4 ሊትር የሚይዝና ሁለት ካርቡሬተር ያለው ሞተር ነበረው። በአሜሪካ ገበያ የመጀመሪያ ዋጋው 3,526 ዶላር ሲሆን፣ በዚህም ለደመወዝተኛ የሚቀርብ የስፖርት መኪና ተብሎ ስሙ ገነነ። ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ኤድጋር ሄርማን በ1971፣ በኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜህታም በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት በዚሁ መኪና ነው። የዚህ መኪና ጽናት የተፈተነው በጎረቤቶቻችን አቧራና ጭቃ ላይ ጭምር ነበር።

ይህ ጽኑ መኪና ግን ዝገት የሚባል ክፉ ጠላት አለው። ደረቅ የበረሃ አየር ዝገትን ያዘገየዋል፤ የባሕር ዳርቻው እርጥበትና ጨው ግን መልሶ ያፋጥነዋል። ዝገቱ የሚጀምረው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው፤ ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር፣ ከወለሉ ላሜራ፣ ከወለሉ በታች ካለው ተሸካሚ ብረት፣ ከፊት ጎማ በስተኋላ ካለው የፓራፋንጎ ጫፍ፣ ከኋላ በር የታችኛው ከንፈር። ስቱኮ ተለቅልቆ በላዩ ቀለም ከተቀባ ይህ ሁሉ ጉድ ይሸፈናል። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲያጓራው የገዢው ልብ ይሰረቃል፤ ከሥር ያለውን ማየትም ይረሳል።

ወዳጄን ያገኘው ይኸው ነው። ለዓመታት በቁጠባ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ ማንንም ሳያማክር፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀይ 240ዜድ ገዛ። በሳምንቱ ወደ ጁምዓ ማለዳው ስብሰባ ይዞት ሄደ። ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አውጥተው በመኪናው ጎን ላይ አሳለፉት። ማግኔቱ በአንዳንዱ ቦታ ያዘ፤ በአንዳንዱ ደግሞ ተንሸራቶ ወደቀ። ምንጣፉ ሲነሣ ወለሉ በቁርጥራጭ ላሜራ የተጣጣፈ ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ ማግኔቱን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ አብሬህ ሄጄ አየው ነበር» አሉት። ወዳጄ እስከ ዛሬ የማይረሳው ይህን ቃል ነው።

ዋናው ፈተና ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ወዳጄ ተናድዶ መኪናውን በገዛበት ዋጋ ሊሸጠው ቆረጠ። ወር ሳይሞላ አንድ ወጣት፣ ያውም የአገራችን ልጅ፣ ሊገዛው መጣ። ዓይኑ በቀዩ ቀለም ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ምንጣፉን ላንሣ አላለም። ወዳጄ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ለእርሱ ማንም ያልነገረውን እርሱ የመናገር ግዴታ አለበትን? ገንዘቡ የላቡ ዋጋ ነው፤ ያታለለውም ሰው ሌላ ነው። በማግስቱ አዛውንቱን አማከራቸው። እርሳቸውም «አንተ የተታለልኸው ሳታውቅ ነው፤ እርሱን ግን የምታታልለው እያወቅህ ይሆናል» አሉት። ወዳጄ ለወጣቱ ሁሉንም ነገረው። ወጣቱ አመስግኖ ሄደ፤ መኪናውም ሳይሸጥ ቀረ።

በኢስላማዊው የንግድ ሕግ ይህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት፣ ፉቀሃዎች «ዐይብ» የሚሉትን፣ ለገዢ መንገር ግዴታው ነው። ተሰውሮ የቆየ ጉድለት ያገኘ ገዢም ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ይህም «ኺያሩል ዐይብ» ይባላል። ነገር ግን መብት ያለ ዕውቀት ብዙ አይረዳም። ዝገቱ የት እንደሚደበቅ የማያውቅ ሰው መታለሉን የሚረዳው ወለሉ ሲበሳ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ የት ይገኛል?

የባለቤቶች ማኅበር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። አባላቱ እያንዳንዱን መኪና በታሪኩ ያውቁታል። የትኛው ተገልብጦ እንደነበረ፣ የትኛው ሞተሩ እንደተለወጠ፣ የትኛው ከአንድ ባለቤት እጅ ሳይወጣ እንደኖረ ያስታውሳሉ። ለውጭ ገበያ መሪው በግራ ሆኖ የተሠራ 240ዜድ የሻንሲ ቁጥሩ በኤች ኤል ኤስ 30 እንደሚጀምር፣ ይህም ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር እንዳለበት ለጀማሪ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ዐይብን መደበቅ ከባድ ነው። የዋሸ ሰው በሚቀጥለው ጁምዓ ፊቱን ወዴት ያዞራል?

«ይህ ሁሉ ለምን? ኢስራፍ አይደለምን?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኞቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ቤተሰብ ለመርዳት ነው። የእናቱን መድኃኒትና የታናሾቹን የትምህርት ክፍያ አጓድሎ፣ ወይም በወለድ ተበድሮ አሮጌ መኪና የሚገዛን ሰው ልደግፈው አልችልም። ለመታየት ብቻ የሚገዛም ሰው ልቡን ይመርምር። ከግዴታው የተረፈውን፣ በላቡ ያገኘውን ሐላል ገንዘብ በሚወደው ሥራ ላይ በልክ የሚያውል ሰው ግን በአባካኝነት የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም። ኒያውን ያስተካክል እንጂ። ለግል መገልገያ በተያዘ መኪና ላይ ዘካ የለም፤ አትርፎ ለመሸጥ የተገዛ ግን እንደ ንግድ ዕቃ እንደሚቆጠር አብዛኞቹ ዑለማዎች ይስማማሉ። ስለዚህ ገዢው ነጋዴ ነኝ ወይስ ወዳጅ ብሎ ራሱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ገንዘብ የሌለውም ቢሆን ከዚህ ስብስብ የሚከለክለው ነገር የለም፤ በእጁ ሙያ ይገባል። የዛሬ ወጣት መካኒኮች ሞተርን በኮምፒዩተር መመርመር ይችላሉ፤ ሁለት ካርቡሬተሮችን በጆሮ አዳምጦ እኩል እንዲተነፍሱ ማድረግ የሚችል ሰው ግን እያነሰ ሄዷል። በአዲስ አበባ ጋራዦች ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎችንና ቮልስዋገኖችን ሲጠግን ያደገ ወንድማችን ይህን ሙያ ይዞት መጥቷል። ብዙ ጊዜ ዋጋውን የማያውቀው ራሱ ነው። በጁምዓ ማለዳ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ካርቡሬተር ቢያስተካክል፣ በማግስቱ ስልኩ ይጠራል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «ገዝቼ ወደ አገሬ እልከዋለሁ» የሚል ሐሳብ ያለው ሰው ቆም ብሎ ያስብ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ እዚህ የሚገዛ መኪና እዚህ የሚኖር መኪና ነው። ማቆሚያውን፣ ዓመታዊ ምዝገባውን፣ ኢንሹራንሱንና መለዋወጫውን አብሮ ያስላ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚህም ቢሆን ትርፍ ዕቃ በመጋዘኑ ያለው የማኅበሩ አባል ፈጥኖ ይደርሳል።

እንግዲህ ምክሬን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። በመጀመሪያ ያለ መኪና ወደ ስብሰባው ይሂዱ፤ ጥቂት ወራት ያዳምጡ። ቀጥሎ ከአባላቱ አንዱን ይዘው መኪናውን በቀን ብርሃን፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይመልከቱ፤ ማግኔት ይያዙ፤ ምንጣፉን ያንሡ። ከዋጋው ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ያስቀሩ። ሻጩ የነገረዎትን ሁሉ በጽሑፍ ያስፍሩ። እርስዎ በተራዎ ሻጭ ሲሆኑ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ከነጉድለቱ ለገዢው ያስረክቡ።

ወዳጄ ቀዩን መኪና ዛሬም ይዞታል። ወለሉ በሁለት ዓመት ውስጥ በአዲስ ላሜራ ተሠርቷል፤ የበየዱለትም በስብሰባው የተዋወቃቸው ሰዎች ናቸው። ያ አመስግኖ የሄደው ወጣት ባለፈው ክረምት ደውሎለት ነበር። ሌላ መኪና ሊገዛ ስለነበር፣ አብሮት ሄዶ እንዲያይለት ፈልጎ ነው። ወዳጄም በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በኪሱ ይዞ አብሮት ሄደ።