«የማውቀው ዶክተር አለ» ማለት ለማይችሉ ቤቶች

ጉለሌ ውስጥ ቴሌሜዲስን ገና አልገባም የሚል ካለ ቴሌግራሙን ይክፈት። የእማማን የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ አንስቶ ለሐኪም ዘመድ መላክ፣ «ይሄን መድኃኒት ይቀጥሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ እሱ እኮ ነው። ችግሩ አገልግሎቱ ያለው ሐኪም ዘመድ ላለው ብቻ መሆኑ ነው።

የሌለውስ? ሽሮ ሜዳ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሸምን ሰው አስቡ። እናቱ ግፊትና ስኳር አለባቸው፤ ጉልበታቸው ደክሞ ብቻቸውን ደጅ አይወጡም። ለክትትል ጳውሎስ ሆስፒታል ሲወስዳቸው ለኮንትራት ታክሲ ደርሶ መልስ ይከፍላል፣ መወርወሪያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ሐኪሙ ጋ የሚቆዩት ግን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግፊት ተለካ፣ «መድኃኒቱ ይቀጥል» ተባለ፣ በቃ። ዩኒቨርሲቲ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ሲያስተምሩን ምሳሌው ሁሌ ጠመንጃና ቅቤ ነበር። ይሄኛው ይሻል ነበር።

ቴክኖሎጂው ብርቅ አይደለም። ጥቁር አንበሳ በህንድ መንግሥት ድጋፍ በተዘረጋው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ ከህንድ ሐኪሞች ጋር በስክሪን መመካከር ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሄሎ ዶክተርም በ8896 ለሚደውል ሰው ሐኪም ያገናኛል። ግን ሐኪሙ «ግፊታቸው ስንት ነው?» ሲል ቤት ውስጥ ማን ይለካል?

ለኔ መልሱ ሌላ አፕ አይደለም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ነርሶችን ቤት ለቤት ያዞራል። አንዷ የግፊትና የስኳር መለኪያ ይዛ ከአልጋው አጠገብ ወደ ጤና ጣቢያው ሐኪም ብትደውልስ? ቪዲዮ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ድምፅና ቁጥር ይበቃል። የአልጋ ቁስል ከሆነ ፎቶ። የእማማ ጆሮ ቢከብድም እሷ ጠጋ ብላ ትነግራቸዋለች።

ከባዱ ክፍያው ነው። ወረፋ ደጅ የሞላበት ሐኪም፣ በስልክ ያሳለፈው ደቂቃ እንደ ሥራ ካልተቆጠረለት፣ የሚያነሳው በውለታ ነው። በውለታ ከሆነ ደግሞ ተመልሰን «የማውቀው ዶክተር» ጋ ገባን። ስለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለስልክ ክትትልም ዋጋ ሊያወጣለት ይገባል እላለሁ። መድኑም ያተርፋል፤ የግፊት መድኃኒትን በጊዜ ማስተካከል ስትሮክ የመታውን ሰው አስተኝቶ ከማከም ይረክሳል።

ስትሮክ ካልኩ አይቀር፦ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ በስልክ ምክር ጊዜ አታባክኑ። ቀጥታ ሆስፒታል።