«ማናቸውንም ሥራ እሠራለሁ»

ባለፈው ክረምት በሐዋሳ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ የባለሙያ ቦታ ያደረገውን የቃል ፈተና ከፈታኞቹ ጎን ተቀምጠን ለመመልከት ዕድል ገጥሞን ነበር። በበረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች 11 ነበሩ። ሁሉም ንጹሕ ለብሰዋል፤ የጽሑፉን ፈተና አልፈዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመራቂዎች የሚሰጠውንም የመውጫ ፈተና አልፈዋል። እንግዲህ ዕውቀታቸው የሚያጠራጥር አልነበረም። ይሁን እንጂ እስከ ቀትር ድረስ ከፈታኞቹ ልብ የገቡት ከሁለት አይበልጡም።

«እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቁ ኖሯል፤ መልሱም ተዘጋጅቶ ነበር። «ታታሪ ነኝ፤ በቡድን መሥራት እችላለሁ፤ የሥራ ጫና እቋቋማለሁ፤ ጉድለቴም ሥራን ከልክ በላይ መውደዴ ነው።» መጀመሪያ የገባው ወጣት ይህን ሲናገር ደስ አለን። ሁለተኛው ያንኑ በዚያው ቅደም ተከተል ሲደግመው እርስ በርሳችን ተያየን። አምስተኛው ላይ ሲደረስ ከፈታኞቹ አንዱ ልጁ ገና ሳይናገር ጉድለቱን ጽፎ ጠበቀው። ቃሉ ሁሉ ከስልክ ላይ የተጠና መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም።

ከሁሉ የበለጠ ያሳዘነችን ሰባተኛዋ ናት። «የሥራ ልምድ አለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ዓይኗን ከወለሉ ላይ ሳታነሣ «የለኝም» አለች። ፈታኞቹም በልምድ ፊት ለፊት ባዶ ጻፉ። ልትወጣ ስትነሣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው «ለመሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ስለ ምን ነበር?» ቢሏት፣ ልጅቱ ሌላ ሰው ሆነች። ለብዙ ወራት በየማለዳው አሞራ ገደል እየወረደች፣ ከሐይቁ የሚወጣውን ቆሮሶ እየመዘነችና በሜትር እየለካች ስትመዘግብ ኖራለች። ጀልባዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ፣ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ያልደረሱትን ዓሦች እንዴት አድርጎ እንደሚጠርግ፣ ዓሣ አጥማጆቹም መጀመሪያ ግብር ሰብሳቢ መስላቸው እንዴት እንደሸሿት ተናገረች። ፈታኞቹ እስክሪፕቷቸውን አስቀምጠው አዳመጧት። «ታዲያ ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» ቢሏት፣ «ደመወዝ ስላልተከፈለኝ ሥራ መሆኑን አላወቅሁም» ብላ መለሰች።

ቦታው አንድ ነበር፤ እርሷ ሦስተኛ ወጣች። በልምድ ፊት ለፊት የተጻፈው ባዶ አልተፋቀም።

ይህ ነገር ከአስተዳደጋችን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እውነትም ልጅ በታላላቆች ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ፣ ራስን ማመስገን ነውር መሆኑን እየተማረ ያድጋል። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በወላጆቻችን ላይ መጫን ተገቢ አይመስለንም። ባላገሩ ከዳኛ ፊት ቆሞ «በልሃ ልበልሃ» እያለ ሲሟገት ከወረቀት አላነበበም። በዚሁ በሲዳማ ምድር በሶንጎ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሎች ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይናገራሉ፤ የሚፈለግባቸውም ሃላሌ፣ ማለት እውነቱ ነው። ማንም በዚያ ቆሞ «ታታሪ ነኝ» አይልም። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ነበርሁ፤ ይህን አየሁ፤ ይህን አደረግሁ» ይላል እንጂ። እንዲህ ያለው አነጋገር ምስክርነት ነው፤ ትዕቢት የሚለው ሰውም የለም። ልጃችን በአሞራ ገደል ያደረገችውን ብትነግረን ኖሮ መቼ ራሷን አመሰገነች እንላት ነበር?

ስለ ስምንተኛው ልጅ ደግሞ ጥቂት እንበል። «ከዚህ መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ሥራ ትፈልጋለህ?» ቢሉት «ማናቸውንም ሥራ እሠራለሁ» አለ። ያስጨነቀውን አናጣውም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የከተማው ወጣት ሁሉ ተስፋውን በዚያ ላይ ጥሎ ነበር፤ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትታገድ ትልልቅ ገዢዎች ወጡ፤ ብዙ ሰውም ከሥራ ተሰናበተ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በየዓመቱ ማስመረቃቸውን አላቋረጡም። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ሥራ ሊያማርጥ አይችልም። ሆኖም ፈታኙ ከዚህ መልስ የሚሰማው «ወዴት እንደመጣሁ አላውቅም» የሚለውን ነው። እንደ እውነቱም ከሆነ ልጁ አላወቀም ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ተግባርና ኀላፊነት በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ በበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራውን ጠብቋል።

ሥራ የያዙትም ወጣቶች ከዚህ በሽታ አልዳኑም። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በሐዋሳ የሪፖርት ስብሰባ ያልበዛበት ሳምንት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንዱ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ ጀርባውን ለተሰብሳቢው ሰጥቶ፣ ከግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ቃል በቃል ያነብብ ጀመር። ክቡራን እንግዶችን በየማዕረጋቸው ለማመስገን ብቻ ብዙ ደቂቃ ፈጅቷል፤ ይህንን እንኳ ልማድ ነውና እንተወው። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ወጣቱም አብሮ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ አዳራሹ መብራት እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ እርሱ የገዛ ሥራውን በቃሉ ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘም። ከእርሱ ቀጥላ የነበረችው የጤና ባለሙያ ግን መብራቱን ሳትጠብቅ ወደ ፊት ወጣች፤ በጣቷ እየቈጠረች ሦስት ቊጥሮች ነገረችን፤ ቊጥሮቹ ለምን እንዳነሱም አስረዳችና ተቀመጠች። እነዚያን ቊጥሮች እስከ ዛሬ እናስታውሳቸዋለን።

ለፈታኞችም የምንለው አለን። ተፈታኙ ሲናገር ስልክ የሚነካካ ፈታኝ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጀምርም ሹም፣ ከወጣቱ እውነተኛ ቃል ሊጠብቅ አይገባውም።

ያችን ልጅ ከአንድ ወር በኋላ ከአሞራ ገደል አጠገብ አገኘናትና ዓሣ ሾርባ ጋበዝናት። በማግስቱ ሌላ የቃል ፈተና እንዳለባት ነገረችን። «እንግዲህ ስለ ራስሽ ንገሪን ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» ብንላት፣ ስለ መረቡ ቀዳዳ ስፋት ጀመረች። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ እርሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።