ፊልም በሳህን ወይስ በበርሜል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ዝርጉን ፊልም ቤታቸው ሲያጥቡ በሳህን ካልሆነ ሙያ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን የሚሽከረከረውን በርሜል እመርጣለሁ። ፓንክሮማቲክ የተባለውን ፊልም ቀይ መብራት እንኳ ያበላሸዋልና፥ በሳህን የሚያጥብ ሰው ዓይኑ ሳይጠቅመው በድቅድቅ ጨለማ ቅጠሎቹን ሲያገላብጥ እርስ በርሳቸው ይፋጫሉ። በርሜሉ ግን ጨለማ የሚሻው ፊልሙ እስኪገባ ብቻ ነው፤ ብርሃን የማያስገባው ክዳን ሲገጠም መብራት ይበራል፥ የቀረው የሰዓትና የቴርሞሜትር ሥራ ነው። የጀርመኑ ዮቦ ፋብሪካ ከሠራቸው አንዱ ባለ 4 በ5 ኢንች 10 ቅጠል ይይዛል፤ ከ1 ሊትር የማይበልጥ መድኃኒትም ይበቃዋል። ዋጋው ውድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መታጠቢያ ቤቱ ምሽቱን ሙሉ ተዘግቶባቸው ደጅ የሚቆሙት እናትና ታናናሾች አይቈጠሩምን? ሞተር መግዣ ያጣም በርሜሉን በእጁ ያሽከርክረው፤ ብቻ እኩል ይሁን፥ አያቋርጥ።