ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የበሩ ነው!

ኮንሰርት ላይ ግፊያ በተፈጠረ ቁጥር «የዘንድሮ ወጣት ሥርዓት የለውም» የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ዲፕሎማዬን ስማር ቅዳሜና እሁድ የኮንሰርት ጥበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥልጠናችን ምን ነበር? ጥቁር ቲሸርትና «ማንንም እንዳታሳልፉ» የሚል ትእዛዝ። በቃ! የተመደብኩት ከመድረክ ጀርባ ነበር። አንድ ምሽት ባንዱ ድምፅ ሲሞክር ውጪ የተሰለፈው ሕዝብ ዝግጅቱ የተጀመረ መሰለውና ወደ በሩ ጎረፈ። ከአራቱ በሮች የተከፈተው አንድ ብቻ! ለምን አትከፍቱም ብል አለቃዬ «ትኬት የሚያይ ሰው የለም» አለኝ። እኛ ግን ለቪአይፒ እንግዶች መግቢያ ስድስት ሆነን ቆመናል! አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ተሸክሜ አወጣኋት። እግዜር ይመስገን፣ ነቃች።

የሲንሲናቲዎቹ ግን አልነቁም። ዲሴምበር 3 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. እዚያች የአሜሪካ ከተማ «ዘ ሁ» የተባለውን የሮክ ባንድ ሊያዩ የመጡ 11 ሰዎች በር ላይ ታፍነው ሞቱ። ትልቋ 27 ዓመቷ ነበር። እዚያም ከውስጥ ድምፅ ተሰማ፣ እዚያም የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ። ያኔም «ሮክ ያሳበዳቸው» ያለ አልጠፋም። ከተማው ግን በዚያው ወር የመቀመጫ ቁጥር የሌለው ትኬት ከለከለ።

አዘጋጆች ሆይ፣ ለዘፋኝ የምትከፍሉትን ያህል ባይሆንም ለበር ከፋች የሚሆን አይጠፋችሁም። ተማሪዎቼ፣ እናንተም ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት «ስንት በር ይከፈታል?» በሉ። መጠየቅ ሥርዓት አልባነት አይደለም!