በረዶ የደበደባትን መኪና እንሽጣት ወይስ እንጠግናት?

ቢታ ገነት ላይ የጣለው በረዶ የመኪናችንን ጣሪያና ኮፈን አሰረጎደው፤ የኋላ መስታወቷንም ሰበረው። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው ለሌላ ሰው ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይደለም። ልጄ «አባዬ፣ እንሽጣት» አለኝ። እኔ ግን እንጠግናት ባይ ነኝ። ገዢ እያንዳንዱን ስርጉድ እየቆጠረ ዋጋ ይሰብራል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ምትክ ማግኘትም ከባድ ነው።

ስርጉድ ሞተር አያቆምም። ውኃ እንዳይገባ መስታወቱ ይቀየር፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ሳይዝግ ይቀባ። ባትላሜራው ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል። የልጅ ልጆቼ ሌሊት ሲታመሙ ቦንጋ የምታደርሰን እሷው ናት።

ወላጆች፣ እናንተም ለመሸጥ ከመስማማታችሁ በፊት የምትኳን ዋጋ ጠይቁ።