ባዶ መስመር አንተው

«መዝገብ መሙላት ደግሞ የአስተማሪ ሥራ ነው እንዴ?» እያልን የምናጉረመርም ዕጩ መምህራን ብዙ ነን። የእንግሊዝን ጦር መዛግብት ነገር ብናስተውል ግን ዝም የምንል ይመስለናል።

በዚያ አገር የቅድመ አያቱን ዱካ የሚፈልግ ሰው ለንደን ውስጥ ኪው ወደተባለው ሰፈር፣ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ይሄዳል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1760 እስከ 1913 የተሰናበቱ ወታደሮች ወረቀት ተቀምጧል። የተራው ወታደር የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ የቀድሞ ሙያ፣ ቁመቱና የዓይኑ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል። ጸሐፊው ይህን የጻፈው ለልጅ ልጅ ብሎ አይደለም፤ ለጡረታና ለደመወዝ ሒሳብ ነው። ዛሬ ግን ዘሩ ሥሩን ያገኝበታል።

እርግጥ ወረቀትም ይጠፋል። በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ፋይል ከግማሽ በላይ ተቃጠለ። ደግነቱ የሜዳሊያው ካርድ ተረፈ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ደረሰ።

«እኛ እኮ ሰባት ቤት በቃላችን እንቆጥራለን» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ቃል ስሙን ይነግረናል እንጂ በስንት ዓመቱ ከቤት እንደወጣ፣ ምን ሠርቶ ይበላ እንደነበር ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ አይመልስም።

ስለዚህ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ የተማሪውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የትውልድ ቦታውንም ጭምር አጥርተን እንጻፍ። «በኋላ እሞላዋለሁ» ብለን የምንተወው ባዶ መስመር፣ አንድ የልጅ ልጅ መጥቶ የሚያጣው ሰው ነው እንላለን።