ጥያቄው አስቀድሞ የወጣ ፈተና

 

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል። የጌታችን ዳግም ምጽአት የሚታሰብበት ዕለት ነው። ስሙ የመጣው በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ካለው ተራራ ነው፤ ቢሾፍቱም በአንድ ወቅት ደብረ ዘይት የተባለችው በዚሁ ተራራ ስም ነው። ደቀ መዛሙርቱ እዚያ ቀርበው የመምጣቱን ጊዜና ምልክቱን ጠየቁት። እርሱም ስለ ጦርነቱና ስለ ረሃቡ ነገራቸው፤ ግን እንዳይደነግጡ አሳሰባቸው። ቀኑንና ሰዓቱን መላእክትም እንኳ አያውቁትም አላቸው።

እኛ ግን አላረፍንም። ስልካችን ላይ በየጊዜው «ቀኑ ይኸው ደረሰ» የሚል ቪዲዮ ይመጣል። አይተን እንደነግጣለን፣ ለአስር ሰው እንልካለን፣ ማታ እንረሳዋለን። የሰሙት ልጆቻችን ግን እንቅልፍ ያጣሉ። መቼም እንዲህ ያለ ድንጋጤ ማንንም ሲያዘጋጅ አላየሁም።

መዘጋጀትን የሚያስተምረን ቀጣዩ ምዕራፍ፣ ማቴዎስ 25 ነው። በ2008 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ እንደተሰረዘ የምታስታውሱ አላችሁ። የዚህኛው ፈተናም ጥያቄ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ልዩነቱ ያወጣው ራሱ ፈታኙ መሆኑ ነው! ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፦ የተራበ አብልተሃል? የተጠማ አጠጥተሃል? እንግዳ ተቀብለሃል? የታረዘ አልብሰሃል? የታመመ ጠይቀሃል? የታሰረ ሄደህ አይተሃል? ጾሙ ይቅር ማለቴ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም እንጀራን ለተራበ ማካፈል እንደሆነ ይናገራል።

ከስድስቱ «እንግዳ» የሚለው እኛን ስደተኞቹን ይነካናል። ሁላችንም አንድ ቀን ሻንጣ ይዘን፣ አውቶቡሱ የት እንደሚቆም እንኳ ሳናውቅ ቆመናል። ብዙዎቻችንን ያኔ አንድ የማናውቀው ሰው ሶፋው ላይ አሳድሮናል። ዛሬ አዲስ የመጣው ልጅ ከቅዳሴ በኋላ ብቻውን ጥግ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ እናየዋለን፤ «ሰላም ነው?» ብለን እናልፋለን። በዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ «የታሰረ» የሚለውን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የመኖሪያ ፈቃዷ አልቆ ለተያዘች እህት፣ ለእናቷ ደውሎ «ደህና ናት» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን በቀኝም በግራም የቆሙት እኩል መደነቃቸው ነው። ሁለቱም ወገን ጌታን መቼ እንዳዩት ይጠይቃሉ። ጻድቃኑ ሲያበሉ ማንን እንዳበሉ አላወቁም። በግራ ያሉት ደግሞ ገደላችሁ፣ ሰረቃችሁ አልተባሉም፤ የተቆጠረባቸው ያላደረጉት ነው። «እኔ በማንም ላይ ክፉ አልሠራሁም» እያልን ለምንጽናና ሰዎች ይሄ ከባድ ነው።

በዚያው ምዕራፍ የአስሩ ቆነጃጅት ምሳሌም አለ። አስሩም መብራት ይዘዋል፣ አስሩም ተኝተዋል፤ የለያቸው ትርፍ ዘይት ብቻ ነው። ልጆች «ታዲያ አምስቱ ለምን አላካፈሉም? ስስታም ናቸው እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጎበዞች፣ ጥሩ ጥያቄ ነው! ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋትና ርኅራኄ ነው ይለዋል፤ ዘይት ሻጮቹ ደግሞ ድሆቹ ናቸው ይላል። እንግዲህ እናታችሁ የታመመ ስለጠየቀች እናንተ ጠይቃችኋል አይባልም። በእኩለ ሌሊት እንደ ስኳር ከጎረቤት የሚበደሩት ነገር አይደለም። ሻጮቹ ግን አሁን በራችን አጠገብ ናቸው፣ ሱቃቸውም ክፍት ነው።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ፤ የአገሩን ቋንቋ ታውቃላችሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ በፖስታ የመጣላቸው ወረቀት ምን እንደሚል ሳያውቁ ሳምንት ሙሉ ይጨነቃሉ። ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ሄዳችሁ አንብባችሁ ብትነግሯቸው አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት እራት ላይ ስድስቱን ጥያቄዎች ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ከዚያ «በሰፈራችን፣ በትምህርት ቤታችሁ፣ እንዲህ ያለ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከእናንተ ቀድመው ስም ይጠራሉ።